የበላይ ዘለቀ ሁለተኛው ክፍል

በብቸና ሠርግ ላይ ፉከራ ከተጀመረ አርበኛው በላይ ዘለቀ ሳይጠራ አይቀርም። ፎካሪው ጋቢውን አሸርጦ፣ ዱላውን እንደ ምንሽር ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ መሐል ይገባል። ዓባይ በረሃ ይነሣል፣ የጣሊያን ምሽግ ይሰበራል፣ የሴቶቹ እልልታ ዳሱን ይሞላዋል። ከዚያ ፎካሪው ላቡን ጠርጎ ይቀመጣል፤ ታሪኩም እዚያው ያበቃል። ዘመኑ 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት ወጥቷል፣ ጀግናው ቆሟል። ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት፣ ማለትም ሹመቱ፣ ቅሬታው፣ የሶማው ከበባ፣ እስር ቤቱና ስቅላቱ፣ ለሠርግ አይሆኑም። ሲነሡም በአንድ የቁጭት ቃል ተጠቅልለው ይታለፋሉ፤ ለአገሩ ተዋግቶ አገሩ ሰቀለው ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

እኔ ግን ትልቁ ታሪክ ያለው እነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ፊልም፣ ቴአትርም ሆነ ልቦለድ ስለ በላይ ሊሠራ የሚነሣ ሰው ከመጀመሪያው ክፍል ይልቅ ለሁለተኛው ክብር መስጠት አለበት። ይህን የምለው ጨለማ ነገር ስለሚማርከኝ አይደለም። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ጥያቄ ዛሬም በምሥራቅ ጎጃም ምድር መልስ ያላገኘ ስለሆነ ነው።

ነገሩን በፊልም በኩል ብንጀምረው ይቀላል። በ1990ዎቹ እንደ ሞጣ ባሉ ከተሞች ፊልም የሚታየው በቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጆንያ ይከደናል፣ አግዳሚው ላይ ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ በራፉ ላይ የቆመው ልጅ ሳንቲሙን እየተቀበለ ያስገባል። ቡጢና ጥይት የበዛበት ይመረጣል። እዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ የጸና አንድ ሕግ ነበር፤ አክተር አይሞትም። ክፍል ሁለት መጣ ሲባል የሚጠየቀውም አክተሩ አለ ወይ ተብሎ ነው። ካለ ይታያል፤ ሞተ ከተባለ ፊልሙ ውሸት ነው። ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ በስልክና በፍላሽ ተተክቷል፤ ወጣቱም ጀግናው የሚሸነፍባቸውን፣ የሚሳሳትባቸውን፣ ራሱን የሚጠላባቸውን የልዕለ ጀግና ፊልሞች እየተቀባበለ ያያል። የተመልካቹ ጣዕም ተለውጧል። የእኛ የጀግና አተራረክ ግን አሁንም ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ነው።

ጣዕሙ በውጭው ዓለምም ቢሆን በአንድ ቀን አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርተን የሠራው የመጀመሪያው «ባትማን» በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ስቱዲዮው ያንኑ ዳይሬክተር እንደፈለግህ ሥራ ብሎ ለቀቀውና እ.ኤ.አ. በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» መጣ። ፊልሙ የሚጀምረው በገና ሌሊት ነው። ሀብታም እናትና አባት አካሉ ጎዶሎ ሆኖ የተወለደ ልጃቸውን ከነጋሪው ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል። ልጁ በቦይ ውስጥ አድጎ፣ ፔንግዊን ተብሎ፣ ከተማዋን ሊበቀል ይመለሳል። ሌላዋ ባለታሪክ አለቃዋ ከፎቅ ገፍትሮ የጣላት ጸሐፊ ናት። ባትማን በገዛ ፊልሙ ውስጥ በሁለቱ ይጋረዳል፤ መጨረሻ ላይ ጭንብሉን ቀዶ ሴትየዋን አብረን ወደ ቤት እንሂድ ብሎ ሲለምናት እንኳ አትሰማውም። እሷን አላዳነም ማለት ይቻላል።

ወላጆች ተቆጡ። ከፊልሙ ጋር የልጆች ምግብና መጫወቻ አያይዞ ይሸጥ የነበረው ማክዶናልድስ ወቀሳ ወረደበት። ገቢው ወደ 266 ሚሊዮን ዶላር ግድም ወረደ፤ ሦስተኛው ክፍል ለጆኤል ሹማከር ተሰጥቶ ብሩህና ጨዋታ የሞላበት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አራተኛው ደግሞ መሳቂያ ሆኖ ተከታታዩን ዘጋው። ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ. በ2008 «ዘ ዳርክ ናይት»ን ሲያወጣ፣ ጀግናው ያልሠራውን ወንጀል በራሱ ላይ ወስዶ ፖሊስ በውሻ እያሳደደው የሚያልቅ ፊልም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1992 በጨለማነቱ የተወቀሰው ፊልም የጠረገው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። «ባትማን ሪተርንስ» ካገኘው በላይ ምስጋና ይገባዋል፤ ምክንያቱም የጀግናን ክፉ ጠላት ከየት እንደመጣ ጠይቆ መልሱን ከከተማዋ ባለጸጎች ደጅ አገኘው። መጀመሪያው ክፍል ጀግናው ማንን እንዳሸነፈ ይነግረናል። ሁለተኛው ክፍል ያ ጀግና የቆመላት ከተማ ምን ዓይነት ከተማ እንደሆነች ይመረምራል።

አሁን ወደ በላይ እንመለስ።

በላይ በ1904 ዓ.ም. ገደማ እንደተወለደ ይነገራል። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ሰው ነበር፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በነበረው ግርግር ተገደለ። ልጁ የአባቱን ደም ይዞ ለምጨን፣ ብቸና ላይ አደገ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ይህ ሰው ገና ልጅ ሳለ አባቱን የገደለበት ጣሊያን ሳይሆን የአገሩ መንግሥት ሰው ነው። ጠመንጃ ያነሣው ጣሊያን ሲመጣ ብቻ አይደለም። ፉከራው ይህን ሁሉ ይዘላል፤ በላይን 1928 ዓ.ም. ላይ አግኝቶ 1933 ላይ ይሰናበተዋል። የሕይወቱ ሁለት ጫፎች ግን የተሠሩት በአንድ እጅ ነው። አባትየውንም ልጅየውንም የገደለው ያው አገር ነው።

በአምስቱ ዓመት ዘመን የሠራው ሥራ ለማንም ግልጽ ነው። ዓባይን ተደግፎ፣ ከብቸና እስከ በረሃው ድረስ፣ ጣሊያን እግሩን እንዳያሳርፍ አደረገ። የራሱን ግዛት አቆመ፣ ዳኝነት ሰጠ፣ ግብር አስገበረ። እሱ ራሱ ማዕረግ አልፈልግም ብሎ ለተከታዮቹ የራስና የደጃዝማች ማዕረግ እየሰጠ ሾመ። በመጀመሪያው ክፍል ይህ ነገር ለጨዋታ ማጣፈጫ ይነገራል። በሁለተኛው ክፍል ዐይን ሲታይ ግን ከባድ ፖለቲካ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ ሹመት የሚሰጥ፣ ዳኝነት የሚያይ፣ ግብር የሚሰበስብ ሰው ብቸና ላይ ነበረ ማለት ነው። ንጉሡ ጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው መጋቢት መጨረሻ ላይ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ የተገናኙት ከአንድ ታማኝ ሎሌ ጋር ብቻ አልነበረም። ሌላ መንግሥት ከሞላ ጎደል ቆሞ ጠበቃቸው።

እዚህ ጋ ፉከራው ጨርሶ የማያነሣው ነገር አለ። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ በሳፋርታክ በኩል ዓባይን ተሻገረና ወደ ሸዋ አለፈ። ጦሩን መንገድ ላይ እንዲቆርጥ የሚጠበቀው በላይ ነበር፤ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም ለዚሁ ጉዳይ ወደ እሱ ተልኮ ነበር። ጣሊያኑ ግን አለፈ። የእንግሊዝ መኮንኖች በጻፏቸው መጻሕፍት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ ያኔ ከጣሊያን ጎን የቆመው የጎጃም ባላባት፣ ልጁን እድርልሃለሁ ብሎ በላይን አባበለው ይላሉ። ብዙ የአገሬው ሰዎች ይህን አይቀበሉም፤ እንግሊዞቹ ለራሳቸው ድክመት ሰበብ ፈልገው ነው የሚሉ አሉ። ማራቬንታኖ ሁለት ወር ሳይሞላ ደራ አካባቢ እጁን ሰጥቷልና በጦርነቱ ውጤት ላይ ነገሩ ብዙ አልለወጠም። በሰውየው ላይ ግን ለውጧል። እንዲህ ዓይነቱ ጥርጣሬ በንጉሡ ጆሮ ከገባ በኋላ፣ ነገ ተነገ ወዲያ ቁጣ ሲመጣ የሚያማልድ ሰው ይጠፋል።

ለፊልም ሠሪ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት የት ይገኛል? የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት፣ የጎጃም የትልቅነት ሚዛን፣ ልጁን ሊድርለት ይችላል። አባቱ የተገደለበት፣ ማዕረጌ ስሜ ነው ይል የነበረ ሰው ለአንድ ሌሊት ያንን ግብዣ ይመዝናል። ተቀበለ ብለን መፍረድ አያስፈልገንም፤ ልቡ ሲዋልል ማየት ብቻ ይበቃል። የጀግናውን ክብር አይቀንሰውም። እንዲያውም ሰው ያደርገዋል።

ከነጻነት በኋላ በላይ ደጃዝማች ተብሎ ብቸና ተሰጠው። ጎጃም በሙሉ ግን ለራስ ኃይሉ በለው ተሰጠ። ይህ ሹመት በብዙ ተረቶች ውስጥ ባንዳ በአርበኛ ላይ እንደተሾመ ተደርጎ ይወራል፤ ትክክል አይደለም። ኃይሉ በለው ራሱም አርበኛ ነበር፣ በጎጃም በረሃ የተዋጋ ሰው ነው። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘር መወለዱ ግን ሹመቱን ቀላል አደረገለት። የበላይ ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል፤ ሁለት አርበኞች፣ አንዱ ባለ ዘር፣ አንዱ ባለ ጥይት። ሥራውን የሠራው ማን ነው፣ መሬቱን የሚገዛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በ1930ዎቹ ጎጃም ውስጥ የበላይ ብቻ አልነበረም። ሌሎች አርበኞችም ተከፉ፣ ከእነሱ አንዳንዶቹም በኋላ በሴራ ተከሰው ታሰሩ። በላይ ግን ዝም ብሎ የሚከፋ ሰው አልነበረም። ጥሪ ሲመጣለት አልሄድም አለ፣ ሶማ ላይ መሸገ፣ የመንግሥት ጦር ከበበው።

በዚህ ከበባ ውስጥ ያለውን ሁኔታ አንድ ሰው ቢያስበው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። ከታች ያለው ወታደር ከሁለት ዓመት በፊት ከእሱ ጋር ጣሊያንን የተዋጋ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ደግሞ የትናንት ፎካሪ ነው። ሴቶች ስንቅ ያደርሳሉ፣ ሽማግሌና ካህናት ይመላለሳሉ። መጨረሻ ላይ በላይ እጁን ሰጥቶ አዲስ አበባ ገባ። ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት። ከዚያ ከማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ቤት አመለጡ፤ ማሞ ኃይሉ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ቤተሰብ ሆኖ በጣሊያን ዘመን ከጠላት ጋር የሠራ ሰው ነው። ወደ ጎጃም ሲያቀኑ ተያዙና ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። የበላይ ወንድም እጅጉ ዘለቀም ተሰቀለ።

አርበኛውና ባንዳው በአንድ ሌሊት አንድ ግድግዳ ዘለሉ፣ በአንድ ቀን አንድ ገመድ አነቃቸው። ትልቁ ባንዳ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግን ገመድ አልነካውም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ በኋላም ዓመታት ኖሮ ሞተ። ይህን የመሰለ ነገር ልቦለድ ጸሐፊ ፈጥሮ ቢያመጣው የተጋነነ ነው ተብሎ ይመለስለት ነበር።

ታዲያ ለምን ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ተናቀ? በንጉሡ ዘመን የተሰቀለን ሰው ታሪክ ጮክ ብሎ መናገር አይቻልም ነበር፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ መናገር ተቻለ፣ ግን የሚነገረው በሌላ ጥቅል ነው፤ በላይ የዘውዱ ሰለባ ሆነ፣ ሰለባ ደግሞ ስሕተት የለበትም። በኋላ በስሙ ትምህርት ቤት ተሰየመ፣ አዲስ አበባ ጎዳና አለው፣ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም ዛሬ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ይባላል። ስም መሰየም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ሦስቱም ዘመን አንድ ነገር አልነካም፤ ሰውየው በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ምን አሰበ፣ የት ተሳሳተ፣ ማን ምን ቃል ገባለት፣ ማን ቃሉን በላ? ሽፍታ ነበር የሚለውም ሰለባ ነበር የሚለውም ለዚህ መልስ የለውም።

ይህ የበላይ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ከብቸና ወደ ሞጣ ልሻገር። ከሞጣ በስተ ጎንደር በኩል ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች አንዱን ቅስት እንደቆረጡት ይነገራል። ይህ መጀመሪያው ክፍል ነው፤ የሚያኮራ ነው፣ ለፉከራም ይመቻል። ከዚያ በኋላ ግን ከ60 ዓመት በላይ የሞጣና የጎንደር ገበሬ በዚያ ክፍተት ላይ በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። ገመዱ ወገቡ ላይ ይታሰራል፣ ባሻገር የቆሙ ጎበዞች ይስባሉ፣ ሰውየው ከጭነቱ ጋር በዓባይ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ይህን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶ ላይ አይቶ ተነሣና እ.ኤ.አ. በ2002 ድልድዩ ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የቆረጡትን እናወድሳለን። ስድሳ ዓመት በገመድ የተሳበውን ሰው ግን ማን ዘፈነለት? ለነጻነት የተከፈለው ዋጋ የተከፈለው በጦርነቱ ቀን ብቻ ሳይሆን በየገበያው ቀን ነበር፤ ከፋዩም አርበኛው ሳይሆን የአርበኛው ልጅ ነበር።

የ1960 ዓ.ም. አመፅም አለ። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ ሞጣና ብቸና ተነሡ። ገበሬው መሬቱ ሲለካ ርስቱ የሚሄድ መሰለው፤ የገዥው የፀሐዩ እንቁሥላሴ አስተዳደርም ቁስሉን አባሰው። መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር አዘመተ። በመጨረሻ ገዥው ተነሣ፣ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። ይህን የአመፅ ታሪክ ገብሩ ታረቀ በእንግሊዝኛ መጽሐፉ በሰፊው ጽፎታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ በ1960 ጠመንጃ ያነሣ የብቸና ገበሬ የበላይን ስቅላት በሕይወት ዘመኑ ያስታውስ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። ስለዚህ የበላይ ሁለተኛ ክፍል በ1937 አልተዘጋም። መንግሥት ቃሉን ይጠብቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ለዚያ ገበሬ የመጽሐፍ ጥያቄ አልነበረም፤ መሬቱን ሊለካ በመጣው ሹም ላይ ያየው ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣብኛል፤ ከባድ ነው፣ ላቃልለውም አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የጎጃም ምድር እንደገና ተኩስ የሚሰማበት ሆኗል፤ ብቸናና ሞጣም ከዚህ አልወጡም። በዚህ ጊዜ የተሰቀለን ጀግና ታሪክ ማስነሣት ቁስል ላይ ጨው መጨመር አይሆንም ወይ? እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ ወላጆች ለልጄ ይህን አታሳዩብኝ እንዳሉት፣ ዛሬም የጎጃም እናት ለልጄ የሶማን አትንገሩብኝ ልትል ትችላለች። ልጇ በረሃ ያለባት እናት ይህን ብላ ብትለምነኝ ምን እመልስላታለሁ?

የምመልሰው ይህ ነው። የሚያቀጣጥለው አሁን የምንነግረው ግማሽ ታሪክ ነው። ፉከራው ልጁን ወደ በረሃ ይልከዋል፤ ከበረሃው በኋላ ምን እንደሚመጣ ግን አይነግረውም። ድሉን አሳይቶ የድሉን ማግሥት ይሸፍንበታል። ቁጭቱ ደግሞ ጠላቱን ብቻ ይነግረዋል፣ የራሱን ምርጫ አይነግረውም። ሙሉው ሁለተኛ ክፍል ግን ሁለቱንም ያሳያል፤ መንግሥት የሚያከብረውን ሰው እንዴት እንደሚያጣ፣ የሚከበረውም ሰው ከድርድር ይልቅ ምሽግ ሲመርጥ ከኋላው ያለው ሕዝብ ምን እንደሚከፍል። የበላይ ተከታዮች ሶማ ላይ በገዛ ወገናቸው ጥይት ሞተዋል። የእነሱ ስም በየትኛውም ፉከራ ውስጥ የለም።

ለፊልም ሠሪዎቻችን አንድ ነገር ልበል። ስለ ጀግና የምንሠራው ሁሉ አነሳስ ነው፤ ጀግናው እንዴት ጀግና ሆነ። የመጀመሪያዎቹ የእኛ የልዕለ ጀግና ሥራዎችም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን ኮሚክስ በአማርኛ ያወጣው «ጀምበር» ለምሳሌ፣ በዚሁ ጀምረዋል፤ መጀመር ያለበትም በዚሁ ነው። ግን ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ላይ ወደ አገሩ የተመለሰውን ምሁር አንድ እግሩን ያጣ አድርጎ በትውልድ መንደሩ ባስቀመጠው ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ተመልካች ጨለማውን መሸከም እንደሚችል አሳይቷል። በላይን የሚሠራ ሰው ፊልሙን ሁሉም በሚጨርስበት ቀን ይጀምረው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል። ከዚያ ወደ ኋላ አይመለስ። ጣሊያን በፊልሙ ውስጥ በወሬ ብቻ ይምጣ።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። በ1937 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከሕይወት ካለ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ለምጨን፣ ብቸናና ሶማ አካባቢ ያሉ አረጋውያን የሰሙትን፣ ያዩትን፣ ከእናቶቻቸው የወረሱትን በድምፅ መቅዳት ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይቻል ሥራ አይደለም። ሴቶቹ ቀድመው ይጠየቁ፤ ስንቁን ወደ ሶማ ያደረሱት፣ ሬሳውን ያለቀሱት እነሱ ናቸውና ፎካሪ ያልያዘውን ይዘዋል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ራስ ኃይሉ በለው ነው። እንደ መጥፎ ሰው ከተሣለ ፊልሙ እዚያው ይሞታል። ጦርነት ያለፈበትን፣ ጠመንጃ የሞላውን፣ እያንዳንዱ አርበኛ በየወንዙ ንጉሥ የሆነበትን ጎጃም ግዛ ተብሎ የተሰጠው ሰው ነው። እሱም ተዋግቷል። ጠንካራው ንግግር ለእሱ ይሰጠው፤ አንድ ትዕይንት ላይ ተመልካቹ፣ በላይን እየወደደም ቢሆን፣ ኃይሉ በለውም እውነት አለው ብሎ መቀመጫው ላይ ይታወክ። የብቸና ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ያንን ንግግር ሳያቋርጥ ከሰማው ሁለተኛው ክፍል ተሠርቷል ማለት ነው።